ፖስተሩና መንደሩ፦ ስለ አገር ጉብኝት ሥዕላዊ ገጽታ የቀረበ ሂስ

አገር ጉብኝት «ጭስ አልባው ኢንዱስትሪ» ነው ሲባል ዘወትር እንሰማለን። አባባሉን ለጊዜው እንቀበለውና እንደ ማንኛውም ኢንዱስትሪ እንመርምረው። የአቃቂ ሠራተኛ ኑሮው ለብዙ ዘመን ከጥጥ፣ ከክርና ከብረት ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ጥያቄውን ለእርሱ ብናቀርብለት መልሱን አያጣውም። በአንዱ በር ጥሬ ዕቃ ይገባል፤ በሌላው በር የተሠራ ዕቃ ይወጣል፤ በመካከሉ ጥጡ ተዳምጦ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ከቀድሞ መልኩ ሌላ ሆኗል። የአገር ጉብኝት ጥሬ ዕቃ ግን ጥጥ አይደለም። ቦታ ነው፤ በቦታው ላይ የሚኖር ሰው ነው፤ የዚያ ሰው ጸሎት፣ ጌጥ፣ ዘፈን፣ የቤቱ ደጃፍና የልጁ ፈገግታ ነው። ይህ ጥሬ ዕቃ በመኪናው ውስጥ ሲያልፍ ምን ሆኖ ይወጣል? መንገዱን፣ ሆቴሉንና የውጭ ምንዛሪውን ሲቆጥሩ የሚውሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ እምብዛም አያነሡትም።

ጥያቄውን ማንሣት የሚገባው ከሁሉ በፊት የኪነ ጥበብ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ጥሬ ዕቃው የሚያልፍበት የመጀመሪያው መኪና የኪነ ጥበብ ሰው እጅ ያለበት ነው። ፖስተሩን የሚሥል ሠዓሊ፣ ፖስታ ካርዱንና የፎቶግራፍ መጽሐፉን የሚያዘጋጅ ፎቶግራፍ አንሺ፣ በሆቴል መድረክ ላይ ትከሻውን የሚነቀንቅ ተወዛዋዥ፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ከዓለም ዳር እስከ ዳር የሚሠራጨውን ተንቀሳቃሽ ምስል የሚቀርጽ ባለሙያ፣ ሁሉም ቦታውን ከጐብኚው አስቀድመው «ያመርቱታል»። ጐብኚው የሚመጣው መንደሩን ሊያይ መስሎት ነው። በእርግጥ የሚመጣው ግን አስቀድሞ ያየውን ፖስተር ሊያረጋግጥ ነው። ፖስተሩና መንደሩ ያልተስማሙ እንደሆነ ደግሞ የሚስተካከለው ፖስተሩ አይደለም፤ መንደሩ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ነው።

የአገራችን የቱሪዝም ምስል የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት እየተባሉ የሚጠሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር አገሪቱን ለዓለም አስተዋወቋት። መፈክሩ በጥበብ የተቃኘ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ የገዛ ዘመን አቆጣጠራችንን፣ ባዕድ ሰው እንደ እንግዳ ነገር የሚያየውን ጳጉሜን፣ ወደ ፀሐይ ግብዣ የለወጠ ሐሳብ ነው። መፈክሩ ከ50 ዓመት በላይ ያገለገለ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» በሚለው ተተካ። ከመፈክሩ ይልቅ ሥር የሰደደው ግን በዚያው ዘመን የተነደፈው «ታሪካዊው የጉዞ መሥመር» ነው፤ ባሕር ዳር፣ ጐንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ደቡቡ በኋላ ሲጨመር እርሱም እንደዚሁ በአንድ መሥመር ታሰረ፤ ከአርባ ምንጭ በኮንሶ አድርጎ ወደ ጂንካና ወደ ኦሞ ሸለቆ።

ከዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የጐብኚ ብዛት የሌሎች አገሮች ጣጣ እንጂ የእኛ አይደለም የሚሉ አሉ፤ በአንድ በኩልም እውነት አላቸው። የቬኒስ አሮጌ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራት፤ በ2022 ቁጥሩ ከ50 ሺህ በታች ወረደ። ከተማዪቱ በ2024 ለቀን ጐብኚዎች የ5 ዩሮ መግቢያ እስከ መጠየቅ ደረሰች። በታይላንድ ማያ ቤይ የተባለው የባሕር ዳርቻ በአንድ የሲኒማ ሥራ ምክንያት ስሙ ከገነነ በኋላ የሕዝብ ጎርፍ ኮራሉን ስላወደመው በ2018 ተዘግቶ በ2022 ነው የተከፈተው። በባርሴሎና በ2024 ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተው በጐብኚዎች ላይ በውኃ መርጫ መጫወቻ ውኃ ረጭተዋል። ኢትዮጵያ ግን ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታት እንኳ በዓመት የተቀበለችው የውጭ እንግዳ አንድ ሚሊዮን አልሞላም። ታዲያ ምን ብዛት አለና ነው?

ብዛት በአገር አይለካም። በደጃፍ ነው የሚለካው። አንድ ሺህ ሰው በመስቀል አደባባይ ቢቆም ማንም ልብ አይለውም፤ አርባ ሰው ከአለት በተፈለፈለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራ ይዞ ቢገባ ግን ቅዳሴው ታወከ ማለት ነው። ከ10 ሺህ በማይበልጥ ሕዝብ መካከል በአንዲት የሙርሲ መንደር በአንድ ማለዳ አሥር መኪና ቢቆም የዚያ መንደር ቀን በሙሉ ተሸጠ ማለት ነው። የጉዞ መሥመሩን ያጠበበው ደግሞ ጂኦግራፊው ብቻ አይደለም፤ ምስሉም ነው። አምስት ስድስት ሥዕል ብቻ ስላሳየን እንግዳው ሁሉ ወደ እነዚያው አምስት ስድስት ቦታዎች ይጎርፋል።

ላሊበላን እንውሰድ። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1978 የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘገቡ ከእነርሱ መካከል ነበሩ። አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት ቢኖሩም በፖስተሩ ላይ ያለችው አንዲቱ ናት፤ ቤተ ጊዮርጊስ። እርሷም ብትሆን ሁልጊዜ የምትታየው ከላይ ነው። ካሜራው በጉድጓዱ ከንፈር ላይ ይቆምና የመስቀል ቅርጽ ያለውን ጣሪያ ያነሣል። ምስሉ ውብ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ዳሩ ግን ያ እይታ የምእመኑ እይታ አይደለም። ፈልፋዩ ሥራውን ያቀደው ሰው በጠባቡ መተላለፊያ ቁልቁል እየወረደ፣ ግድግዳው በግራና በቀኝ እየረዘመበት፣ ብርሃኑ እያነሰው ሄዶ በድንገት ደጁ ላይ እንዲቆምና ቀና እንዲል አድርጎ ነው። የሕንፃው ትርጉም በመውረድ ውስጥ ነው ያለው። ፖስተሩ መውረዱን አስቀረው። ጐብኚውም ፖስተሩን ተከትሎ በጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰልፎ ይቆማል፤ ፎቶግራፉን ያነሣል፤ ሰዓቱን አይቶ ወደ መኪናው ይመለሳል። ከታች የሚቀደሰው ቅዳሴ ለእርሱ የጀርባ ሙዚቃ ነው።

የገና ሌሊት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ከወሎ፣ ከጐንደር፣ ከትግራይና ከሌላውም አገር ብዙዎች ቀናት ተጉዘው፣ ገሚሱም በባዶ እግሩ ሄዶ ወደ ላሊበላ ይገባል። የከተማው ሕዝብ መንገደኛውን ተቀብሎ እግሩን ያጥባል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ይህ ከጥንት የመጣ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ነው፤ ምእመኑ እንግዳ ነው፤ እንግዳም የእግዚአብሔር ነው። በማለዳ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው ቤዛ ኵሉ ሲያሸበሽቡ ግን ከፊት ያለው ስፍራ የማን ነው? ረጅም ሌንስ የያዘው ሰው ነው። አሥር ቀን የተጓዘችው እናት ከጀርባው ሆና በትከሻው ላይ ልታይ ትንጠራራለች። ማንም ሰው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። አስጎብኚው እንግዳውን ማክበሩ ነው፤ እንግዳውም የከፈለበትን ማየቱ ነው። ሁለት ዓይነት እንግድነት ግን በአንድ ግቢ ተገናኝተው አንዱ ሌላውን ገፍቶታል።

በፍትሐዊነት መናገር ስለሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። የላሊበላን አለት ከጐብኚ እግር ይልቅ የጎዳው ዝናብ፣ ፀሐይና ዕድሜ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ2008 የተጠናቀቁት ግዙፍ መጠለያዎችም የታሰቡት ዝናቡን ለመከላከል ነበር። ለጊዜው ተብለው የተተከሉት እነዚህ የብረት ምሰሶዎች ግን ዓመታት ተቆጥረው አልተነሡም፤ በ2018 የከተማው ነዋሪ መጠለያው ቅርሱን ሊጎዳ ነው ብሎ ሰልፍ ወጣ፤ በ2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ማክሮን ከተማዪቱን ጎብኝተው አገራቸው ለጥበቃው እንደምትረዳ ተናገሩ። በመጠለያው ምሕንድስና ላይ ለመፍረድ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። የሥነ ጥበብ ሂስ ሊለው የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከሰማይ የለየው ጣሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ሳያንቀሳቅስ ሙዚየም ውስጥ አስገብቶታል። ከቤተ ክርስቲያኖቹ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ነዋሪዎችም ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውረዋል። የላስታ ድንጋይ ቤቶች፣ እነዚያ ክብና ባለ ፎቅ የሆኑት፣ ሰው ሳይኖርባቸው ቆመዋል። ለፎቶግራፍ አመቺ ናቸው።

የሰረቀውም አለ። የላሊበላ ታላቅ መስቀል፣ አፍሮ አይገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ ቤልጂግ አገር ከደረሰ በኋላ በ1999 ነው የተመለሰው። ሌባው የአገር ሰው ይሁን የውጭ፣ ገበያው ግን ግልጽ ነው። ከዕይታ የሚጀምር ፍላጎት ወደ መግዛት ያድጋል፤ በካርድ ላይ የታየ ቅዱስ ዕቃ ዋጋ የተለጠፈበት ዕቃ ለመሆን ረጅም መንገድ አይቀረውም።

ልጆቹንም እናንሣ፤ ይህን መጽሔት የሚያነብ መምህር ጉዳዩን ከእኔ አሳምሮ ያውቀዋል። ጐብኚ በሚበዛበት ከተማ ሁሉ «መጽሐፍ ግዛልኝ»፣ «ኳስ ግዛልን» የሚሉ ልጆች አሉ። በአምስት የባዕድ ቋንቋ ሰላምታ መስጠት የሚችል፣ የየአገሩን ዋና ከተማ በቃሉ የሚጠራ፣ ብልኅነቱ የሚያስደንቅ ልጅ በትምህርት ሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሟል። ልጁን ለማኝ ብሎ መስደብ ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ልጅ ተዋናይ ነው፤ ጐብኚው ሊያየው የመጣውን ድሃና ጎበዝ ሕፃን እየተጫወተለት ነው። ድርሰቱን የጻፈለት ማን ነው? ፈገግ ያለ ባዶ እግር ሕፃን የሌለበት የፎቶግራፍ መጽሐፍ እስኪ ፈልጉልኝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ከ2020 ጀምሮ የደረሰው ነገር ደግሞ ሌላውን ፊት አሳየን። ወረርሽኙ መጣ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ጦርነት ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከተማዪቱ ራሷ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገረች። አስጎብኚው፣ የሆቴል ሠራተኛው፣ ጫማ ጠባቂው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ሥራ ፈታ። እንግዳ ሲበዛ የተጨነቀችው ከተማ እንግዳ ሲጠፋ ተራበች። ከብዛቱ ጉዳት ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል፤ ሌላ መተዳደሪያውን አስጥሎ ከተማን በሙሉ በአንድ ክር ላይ ማንጠልጠሉ። በአክሱምና በጐንደርም በልኩ ተመሳሳይ ነው።

ወደ ደቡብ እንውረድ። ስለ ሙርሲዎች የተጻፈውንና የተነሣውን ያህል ስለ ሌላ ትንሽ ሕዝብ የተነሣ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሕይወታቸውን ያጠናው እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ሙርሲዎችን ፎቶግራፍ ሊያነሡ ስለሚመጡት ሰዎች ጽፏል። በጽሑፉ ውስጥ የሚያስደንቀው የጐብኚው አስተያየት አይደለም፤ የተነሺዎቹ ጥያቄ ነው። እነዚህ ሰዎች ለምን ይመጣሉ? ፎቶግራፉን ወስደው ምን ያደርጉበታል? እያሉ ይጠይቁት ነበር። ሂስ የሚባለው ይህ ነው። የሥዕሉ ባለቤት ስለ ሥዕሉ ያነሣው ጥያቄ ከማናችንም የሂስ ጽሑፍ ይበልጣል።

የከንፈር ሸክላው በሙርሲ ኑሮ ውስጥ የራሱ ጊዜና ስፍራ አለው። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከንፈሯ ይበሳል፤ ሸክላውን የምታደርገው ወጣት ሳለች፣ ለባሏ ምግብ ስታቀርብ፣ ላም ስትታለብ፣ በሥርዓት ቀን ነው። አስተናጋጅነትና ክብር፣ ቁንጅናና ጨዋነት በእርሱ ይነገራል። ባሏ የሞተባት ሴት ታወልቀዋለች። እንግዲህ ይህ ጌጥ ቋንቋ ነው ማለት ነው፤ ሰዋስው አለው፤ መቼ እንደሚባልና መቼ እንደማይባል የታወቀ ነው። ከጂንካ በማለዳ ተነሥቶ ማጎ ፓርክን አቋርጦ የሚደርሰው መኪና ግን ሰዋስውን አያውቅም። የሚፈልገው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ትልቁን ሸክላ። ሸክላው በተለቀ ቁጥር ክፍያው ይጨምራል፤ ክፍያውም በያንዳንዱ ምስል ነው። ስለዚህ ሴቶቹ ሸክላውን ያለ ወቅቱ ያደርጉታል፤ ወንዶቹ ሰውነታቸውን ያለ ሥርዓቱ በነጭ አፈር ይቀባሉ፤ ከዚያም አልፎ ቅርጫት በራስ ላይ ይደፋል፣ የከርከሮ ጥርስ በግንባር ላይ ይታሰራል፣ የእህል ዛላ ከጆሮ ይንጠለጠላል። ከባህሉ ያልሆነው ሁሉ ለካሜራው ሲባል ባህል ሆኖ ይቀርባል። በዚህ ልቅ አጊያጊያጥ የተነሡት ምስሎች በአውሮፓ ታትመው እንደ ጥንታዊ ውበት ይደነቃሉ፤ ቀጣዩ ጐብኚ ያንን መጽሐፍ ይዞ ይመጣል፤ መንደሩም መጽሐፉን ለመምሰል አንድ ጌጥ ይጨምራል። ምስሉ መንደሩን እየሠራው ነው።

ግንኙነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ብር ይቆጠራል፤ ክርክር ይነሣል፤ ጐብኚው «ኃይለኞች ናቸው» ብሎ ይሄዳል፤ ሙርሲዎቹም እንደ እንስሳ ተቆጥረው እንደታዩ ይሰማቸዋል። ያን አብሮት የሄደ የመሀል አገር ሰው ያልተሰማው ነገር ያለ እንደሆነ ደግሞ አንድ ነው፤ እርሱ ራሱ ከጐብኚው ወገን መቆሙ። እኛም የአዲስ አበባ ሰዎች የሙርሲን ምስል በቀን መቁጠሪያ፣ በቢሮ ግድግዳና በአውሮፕላን ማረፊያ ሰቅለን ስናይ «የእኛ» እንላለን፤ ስማቸውን ግን አንጠይቅም። ራሳቸውን ሙን ብለው እንደሚጠሩ ከአንባቢዎቼ ስንቱ ያውቃል?

ይህ ነገር በዓለም ታሪክ አዲስ አይደለም። ለሂትለር ሥርዓት ፊልም የሠራችው ጀርመናዊቷ ሌኒ ሪፈንሽታል እ.ኤ.አ. በ1973 በጎረቤታችን በሱዳን ያሉትን ኑባዎች የሚያሳይ የፎቶግራፍ መጽሐፍ አውጥታ ነበር። አሜሪካዊቷ ሐያሲ ሱዛን ሶንታግ በ1975 ባወጣችው ዝነኛ ጽሑፍ የምስሎቹን ውበት ከቀድሞዎቹ ፊልሞች ውበት ጋር አስተያይታ አጋለጠችው። ከአሥር ዓመታት በፊት ስለ ኦሞ የታተሙትን ውብ መጻሕፍት የሚገልጥ ሰው ያን ክርክር ቢያስታውስ ይጠቀማል። ብርሃኑ ትክክል ነው፤ ቀለሙ ትክክል ነው፤ የሰውየው ቆዳ ይንጸባረቃል፤ ስሙ ግን ከምስሉ ሥር የለም። በርዕስነት የተጻፈው የጎሣው ስም ነው። ሥነ ጥበብ ሰውን ከነስሙ ማየት ካልቻለ ዕቃ ማየቱ ነው።

ለጐብኚ የሚሠራ ሥዕል ሁሉ ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ እንዳይደለ ግልጽ ይሁንልኝ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በብዙ ክፍሎች የሚተርከው ሥዕል፣ ብዙ ጊዜ 44 ሆኖ የሚቀርበው፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የነበሩ የውጭ ሰዎች ስለ ገዙት ነው እንደ ዘርፍ የዳበረው። የቤተ ክህነት ሠዓሊዎች በዚያ ገበያ ውስጥ ነጻነት አግኝተዋል፤ ጦርነትን፣ አደንን፣ ገበያንና ግብርን ሥለዋል። ገዥው እንግዳ ነበረ፤ ሠዓሊው ግን የሚነግረው ታሪክ ነበረው። ዛሬ በቸርችል ጎዳና ሱቆች የተደረደረውን ሸራና ብራና ስናይ ታሪኩ ቀርቶ ምልክቱ ብቻ ተርፏል። የጐንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ወደ ታች የሚመለከቱት ባለ ክንፍ ፊቶች ለምን እንደሚመለከቱ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ ሁሉ ይገባዋል፤ ከየትም ቢቆም ከእይታቸው አያመልጥም። እነዚያው ፊቶች በሲኒ፣ በትራስ ልብስ፣ በቦርሳና በካናቴራ ላይ ሲመጡ ማንንም አይመለከቱም። ብራናውን በጭስ አጥነው አሮጌ የሚያስመስሉም አሉ። ይህን የሚሠራው ወጣት ሠዓሊ ችሎታ የለውም የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የሚያስፈልገው ገዥ አጥቶ ነው። ከተማው የራሱን ሠዓሊ ሥዕል የማይገዛ እንደሆነ ሠዓሊው ለመንገደኛ ይሥላል።

የባህል ምግብ ቤቶቻችንን መድረክ በተመለከተ ብዙ ማለት አልሻም። በአንድ ምሽት የስምንት ብሔረሰብ ውዝዋዜ፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ በመካከሉ ልብስ ለመቀየር አንድ ደቂቃ። ተወዛዋዦቹ ላባቸውን የሚያፈሱ ትጉህ ባለሙያዎች ናቸው። ፍጥነቱ ግን የኀዘን እንጉርጉሮንም የአጨዳ ዘፈንንም የሠርግ ዘፈንንም ወደ አንድ ዓይነት ጭብጨባ ለውጧቸዋል። በስሜን ተራሮችም ነገሩ በተቃራኒው መልክ ይታያል፤ እዚያ ፖስተሩ ሰው የለበትም። ገደሉ፣ ጭላዳው፣ ዋልያው ብቻ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረው ሠፍረዋል፤ ፓርኩም በ1996 ከገባበት የአደጋ መዝገብ በ2017 ወጣ። ግጦሹ ከብዶ እንደነበር ዋልያውም ጥበቃ እንደሚሻ አምናለሁ። ዳሩ ግን ገበሬ የሌለበትን ተራራ ውብ ብሎ ያስተማረን ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እስካሁን ጐብኚ ስንል የውጭ ሰው ነበር በአእምሯችን ያለው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ የቆመ ሰው ግን ሌላውን ጐብኚ ያያል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፍቷል፤ መነሻው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቅዳሜ ጧት ከከተማው የሚወጣው መኪና በክፍያ ጣቢያው ደጅ ይሰለፋል፤ እሑድ ማታ ይመለሳል። ይህ ሕዝብ የሚሄደው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ሶደሬና ወደ ላንጋኖ ነው። ሕዝብ አገሩን ማየቱ፣ ቤተሰብ ከሥራ ሳምንት በኋላ ውኃ ዳር መቀመጡ መልካም ነገር ነው፤ ይህን የሚነቅፍ አይኖርም። ነገር ግን የቢሾፍቱን ሐይቆች ዳርቻ ተመልከቱ። መዝናኛው በመዝናኛ ላይ፣ አጥሩ በአጥር ላይ ተያይዟል። እረኛው ከብቱን የሚያጠጣበት፣ ልጁ የሚዋኝበት፣ እናት ልብስ የምታጥብበት ውኃ በብዙ ስፍራ የመግቢያ ዋጋ ላለው ሰው ብቻ የሚታይ ሆኗል። እዚህም ላይ ምስሉ ቀድሟል፤ የዘፈን ክሊፑ፣ የሠርግ ቪዲዮው፣ ነጭ ወንበርና ሰማያዊ ውኃ። በስንት የዘፈን ምስል ውስጥ ሐይቁ ታየ፣ በስንቱስ ውስጥ የቢሾፍቱ ሰው ታየ? የሐይቁ ባለቤት በሐይቁ ሥዕል ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ነው የሚገባው።

ወደ ራሷ ወደ አቃቂ ስንመለስ ግን ጥያቄው ይጠነክራል፤ ምክንያቱም አቃቂ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ያላት ድርሻ የማንም ፖስተር የማያሳየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በይፋ የተጀመረው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ አቃቂ የሚደርሱ ወንዞችን 56 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያለማ የታቀደ ነው። የተሠሩት መናፈሻዎች ያማሩ ናቸው፤ ሰዉም ወዶ ይሄድባቸዋል። ነገር ግን ወንዝ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፤ ውበቱ የተጀመረው ከላይ ነው፤ የከተማው ቆሻሻ የሚደርሰው ከታች ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዝ የመሀል ከተማውን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ቀለምና የቆዳ ፋብሪካውን ኬሚካል ይዘው ቃሊቲና አቃቂን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ። በዚህ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ ከባድ ብረቶች በአትክልቱ ውስጥ መገኘታቸውን ያሳዩ ጥናቶች ታትመዋል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበታ ይወጣል። እንግዲህ ከላይ መናፈሻው ውስጥ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰውና ከታች በጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጎመን የሚያጭደው ሰው የአንድ ወንዝ ሰዎች ናቸው። አንድ ሥዕል ውስጥ ያስገባቸው ሠዓሊ ግን እስካሁን አላየሁም።

አባ ሳሙኤል ራሱ ሊሣል የሚገባው ነው። በኢትዮጵያ ከውኃ ኃይል የኤሌክትሪክ ብርሃን መጀመሪያ ከመነጨባቸው ስፍራዎች አንዱ ያ ግድብ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ሐይቁ እምቦጭ ለብሷል፤ ደለል ሞልቶታል። ዙሪያው ያለው ረግረግ ግን የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ርጥበታማ መሬት ተብሎ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለአእዋፍ ጠቃሚ ከሆኑ ስፍራዎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ክረምቱ ሲወጣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚሸሹ ወፎች ይወርዱበታል።

ይህ ቦታ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ቀን ፖስተር ይሠራለታል። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ከተማውም ወደዚያው እየሰፋ ነው። ያን ፖስተር የሚሥለው ሠዓሊ፣ ቪዲዮውን የሚቀርጸው ባለሙያ፣ ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ሊሆን ይችላል። ቅጥሩን የሰጠው ክፍል ሰማያዊ ውኃ፣ ነጭ ወፍና ጀልባ ይጠይቀዋል። ውኃው ሰማያዊ አይደለም፤ የጎመን አጫጁም እዚያው አለ፤ ዓሣ አጥማጁም፣ ከብት አጠጪዋም አሉ። ሠዓሊው እነርሱን ከሥዕሉ ቢያወጣ አጥር ሠሪው ከዳርቻው ሊያወጣቸው ሥራ አይበዛበትም፤ ምክንያቱም በሥዕሉ ላይ አልነበሩምና።

ወፎቹ በጥቅምት አካባቢ መምጣት ይጀምራሉ። ዳርቻው ላይ ገና አጥር የለም፤ ጧት ጧት ከዚያ የሚወጣው የአህያ ጋሪ ጎመን ጭኖ በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ ይሄዳል።